የሠራነውን ራሳችን እናቅርብ

(ለጥናት ጉባኤ ስለሚደረግ ዝግጅት በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ይህን ንግግር እንድናዘጋጅ የተጠየቅነው በነርስነት፣ በመምህርነትና በግብርና ምርምር የምንሠራ ጥቂት አባላት ነን። ጉዳዩ የጥናት ጉባኤ ነው፤ አንዲት ሴት ስታጠና የቆየችውን ነገር አዳራሽ ውስጥ ቆማ በንግግር፣ ወይም ሰሌዳ ላይ በሚሰቀል ፖስተር ስታቀርብ ምን ማዘጋጀት እንዳለባት ልንነጋገር ነው። ባለፈው ስብሰባ “ይህ የተማሩት ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን?” ያላችሁ እናቶች ነበራችሁ። እኛ ደግሞ ያለ እናንተ አይሆንም ብለን ነው የመጣነው። ለምን እንደሆነ እየሄድን እናያለን።

“ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል” የሚለውን ተረት ሁላችንም እየሰማን አድገናል። ዛሬ ይህን በአደባባይ የሚናገር ብዙ ሰው የለም። በጥናቱ ዓለም ግን ተረቱ ልብሱን ቀይሮ ይኖራል። ከእኛ አንዷ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ መልስ ልጅ እያስተኛች፣ ቅዳሜና እሑድ ቤት ለቤት እየዞረች መጠይቅ ስትሞላ ቆይታ ጥናቷን ጨረሰች። ጥናቱ ለጉባኤ ተመረጠ። ጉባኤው ሌላ ከተማ ነበር፣ ልጇም ጡት አልተወም። “አንቺ ምን አስቸገረሽ፣ እኔ አቀርብልሻለሁ” የሚል የሥራ ባልደረባ ተገኘና አቀረበላት። ስሟ ከነማዕረጉ ፖስተሩ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ማንም ምንም አልሰረቀም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ጥናት መጠየቅ የሚፈልግ ሰው የሚደውለው ለእሱ ነው። ለቀጣዩ ሥራ የተጋበዘውም እሱ ነው። ሰው የሚያስታውሰው ወረቀቱ ላይ ያነበበውን ስም ሳይሆን አጠገቡ ቆሞ ያስረዳውን ፊት ነው።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ስለ አገራችን የሚመክረው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ የመጀመሪያው የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1959 ሮም ላይ ነበር። አዲስ አበባ የደረሰው በሦስተኛው፣ በ1966 ነው። ስለ ራስ ጉዳይ ሌላ ቦታ፣ በሌላ ሰው አፍ ሲነገር መስማት አገርም ደርሶበታል።

እንግዲህ ወደ ዝግጅቱ እንግባ። ዝግጅቱ የሚጀምረው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ጥናቴ ምን አገኘ? ይህን ለጎረቤት በአማርኛ፣ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ሳይገባባት፣ አንድ ስኒ ቡና ሳይቀዘቅዝ መናገር ካልተቻለ ኮምፒውተር መክፈት ገና ነው። እናቶቻችን የሚያስፈልጉን እዚህ ላይ ነው። የግብርና ባለሙያዋ እህታችን እዚሁ ቤት ልምምድ ስታደርግ “የተሻሻሉ የቦሎቄ ዝርያዎች ተቀባይነትና ተያያዥ ምክንያቶች” ብላ ጀመረች። ሁሉም ዝም አለ። ቆየት ብለው አንዲት እናታችን “ታዲያ ሴቶቹ ምን አሉሽ?” አሏት። “ምርቱ ጥሩ ነው፣ ግን ቶሎ አይበስልም፣ እንጨት ይፈጃል አሉኝ” አለች። “እሱን ንገሪያቸዋ!” አሏት። የፖስተሩ ራስጌ የተገኘው በዚያች ደቂቃ ነው። አማካሪዎቿ ስድስት ወር ሙሉ ያልጠየቋትን ጥያቄ ነው እኚህ እናት የጠየቋት።

ርዕስን ካነሣን፣ የአገራችን ጥናቶች፣ በተለይ በጤናው ዘርፍ፣ አንድ የታወቀ ልማድ አላቸው፤ “የእንዲህ ያለ በሽታ ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች፣ በእንዲህ ያለ ወረዳ፣ በእንዲህ ያለ ዓመት።” ለመመረቂያ ጽሑፍ ይሁን፤ መዝገብ ቤት ሲፈልጉት ይገኛል። አዳራሽ ውስጥ ግን ስልሳ ፖስተር ተደርድሮ አርባው እንደዚያ ቢል፣ ሻይ ይዞ የሚያልፈው ሰው የትኛው ጋ ይቆማል? አዘጋጆቹ የተቀበሉትን ርዕስ መቀየር አይቻል ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ርዕሱን ላይ በልኩ ጽፋችሁ ያገኛችሁትን ነገር መሐል ላይ በትልቁ አስቀምጡት። እ.ኤ.አ. በ2019 ማይክ ሞሪሰን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና የዶክትሬት ተማሪ ይህንኑ ሐሳብ በቪዲዮ አሰራጭቶ ብዙ ሰው ተከትሎታል፤ መሐል ላይ አንድ ትልቅ ዓረፍተ ነገር በተራ ቋንቋ፣ ዝርዝሩ ግራና ቀኝ፣ የቀረው በስልክ የሚነበብ ኪውአር ኮድ። እኛ ሙሉ በሙሉ እንደ እሱ አድርጉ አንልም። አንዳንድ ገምጋሚ ባዶ ቦታ ሲያይ ሥራ የጎደለ ይመስለዋል። የመሐሏ ዓረፍተ ነገር ግን ትጠቅማለች።

ፖስተር ለንግግር ያልበቃ ሰው ዕጣ ነው የሚል ስሜት በብዙዎቻችን ዘንድ አለ። “ፖስተር ነው የደረሰኝ” ብላ ያዘነችም አለች። የፖስተር ዝግጅት በአውሮፓ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ማድሪድ ላይ በተደረገው የባዮኬሚስትሪ ማኅበራት ጉባኤ እንደሆነ ይነገራል፤ አሜሪካም በ1974 ተከተለች። በአሥር ደቂቃ ንግግር ሰው ሰምቶ ይሄዳል፤ ፖስተር አጠገብ ግን ቆሞ ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ስልክ ይለዋወጣል። ኢትዮጵያዊ ከመጣ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ፣ በፈለጋችሁት ማስረዳት ትችላላችሁ። መድረክ ላይ ድምፅዋ የሚጠፋባት እህት ፖስተር አጠገብ ስትቆም ሌላ ሰው ስትሆን አይተናል።

አሁን ስለ ሥራው። አዘጋጆቹ የላኩትን መጠን አስቀድማችሁ እዩ። ብዙ ጊዜ ኤ0 ይላሉ፤ ይህም 84.1 በ118.9 ሴንቲ ሜትር ነው። ሰሌዳው ቁመቱ ይርዘም ወይም ስፋቱ ካልጠየቃችሁ ፖስተራችሁ ከሰሌዳው ወጥቶ የጎረቤትን ፖስተር ሊሸፍን ይችላል። የገጹን መጠን ከመጀመሪያው በዚያ ልክ አድርጉት፤ ትንሽ ሠርቶ በኋላ መለጠጥ ሥዕሉን ያደበዝዘዋል። የርዕሱ ፊደል ከ80 በላይ፣ የሌላው ጽሑፍ ከ24 በታች ባይሆን ጥሩ ነው። ለማረጋገጥ ቀላል ዘዴ አለ፤ ፖስተሩን በተራ ኤ4 ወረቀት አትሙት። ኤ4 የኤ0 አንድ አራተኛ ቁመት ስለሆነ፣ በእጃችሁ ይዛችሁ ያለ ችግር ካነበባችሁት ከሰሌዳውም ይነበባል። ካልተነበበ ቃል ቀንሱ፤ ፊደል አታሳንሱ።

የመሥሪያ ቤቱን ዓርማ ከቴሌግራም ላይ አንሥታችሁ አትለጥፉ። ቴሌግራም ፎቶን ያሳንሰዋል፤ በኤ0 ሲታተም ጭጋግ ይሆናል። በፋይል መልክ ይላክላችሁ። አማርኛ ከጻፋችሁ ደግሞ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ላይኖር ስለሚችል በፒዲኤፍ ስጡ፤ አለዚያ ያ ሁሉ ፊደል አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ቀይና አረንጓዴን ለመለየት የሚቸገር ሰው ጥቂት አይደለም፤ በተለይ ወንዶች። በሥዕላዊ መግለጫችሁ ላይ እነዚህን ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ አታድርጉ፤ ሰንደቅ ዓላማችንን እንወዳለን፣ ግን ለግራፍ አይሆንም። የማኅበረሰቡን ፎቶ ስትጠቀሙ ያለ ፈቃድ የማንንም ፊት አታሳዩ። መጠይቅ ልሙላ ብላ የተስማማች እናት ፎቶዬ ይሰቀል ብላ አልተስማማችም።

ዘመን አቆጣጠርንም አትርሱ። “መረጃው ከመስከረም እስከ ጥር 2015 ተሰበሰበ” ብላችሁ ወር በእንግሊዝኛ፣ ዓመት በእኛ ብታደርጉት የውጭው እንግዳ ሰባትና ስምንት ዓመት ያረጀ መረጃ ይዛችሁ የመጣችሁ ይመስለዋል። ለእሱ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2022 እስከ ጥር 2023 ነው። ሰዓትም እንዲሁ ነው። በፕሮግራሙ ላይ 8:30 የሚለው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ከምሳ በኋላ መስሏት ፀጉሯን ልትሠራ የሄደች አቅራቢ እንዳለች ሰምተናል፤ የእኛ ማኅበር አባል አይደለችም።

ንግግር የደረሳት እህት ብዙውን ጊዜ አሥር ደቂቃ፣ ለጥያቄ ደግሞ አምስት ይሰጣታል። በእንግሊዝኛ ረጋ ብሎ ለሚናገር አሥር ደቂቃ ማለት ቢበዛ 1,200 ቃል ነው። አብዛኛው አቅራቢ ግን ስድስቱን ደቂቃ ሌሎች ሰዎች ከዚህ በፊት ምን እንዳጠኑ፣ ወረዳው ከባሕር ጠለል በላይ ስንት ሜትር ከፍ እንደሚል ሲናገር ይጨርሰዋል። ከዚያ የመድረክ መሪው “ሁለት ደቂቃ” የሚል ወረቀት ያሳያል፤ ዋናው ግኝት በሩጫ ያልፋል። ዓለም አቀፉን፣ ከዚያ አፍሪካን፣ ከዚያ የኢትዮጵያን ቁጥር በተራ መደርደሩን ተዉት። በመጀመሪያው ደቂቃ ያገኛችሁትን ተናገሩ፤ የቀረው ጊዜ እንዴት እንዳገኛችሁትና ማንን እንደሚመለከት ይሁን። ከ17 እናቶች 12ቱ ከሆኑ “ከ17 እናቶች 12ቱ” በሉ፤ “70.6 በመቶ” ስትሉ አዳራሹ ብዙ መቶ ሰው የጠየቃችሁ ይመስለዋል። ስላይዱን ቁጥር ስጡት፤ ጠያቂው “ስላይድ አምስትን መልሺልኝ” እንዲል። በፍላሽም በኢሜይልም ያዙት።

እንግሊዝኛው ብዙዎቻችንን ያስጨንቀናል። አንደበታችን እንደ ባዕድ እንዲሆን ማንም አይጠብቅብንም፤ መሰማት ግን አለብን። ፍጥነት ከአነጋገር ዘይቤ የበለጠ ያጠፋል። ሰርቲን እና ሰርቲ በሰሚ ጆሮ አንድ ናቸው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ሲነገር ስላይዱ ላይም ይታይ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓረፍተ ነገሮችና የመጨረሻዋን ብቻ በቃል ያዙ። ሁሉን በቃል የያዘች አንድ ቃል ሲጠፋባት ሁሉ ይጠፋባታል። ሌላው ቀርቶ ማይክራፎኑን ለቁመታችሁ አስተካክሉ። ከፊታችሁ የተናገረው ረጅም ሰው ለራሱ አስተካክሎት ሄዷል፤ ይህን ለማድረግ የምትወስዱት አምስት ሴኮንድ የእናንተ ነው፣ ይቅርታ አያስጠይቅም።

ከሁሉ የሚከብደው የጥያቄ ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት በ10 አገሮች በተደረጉ 247 የዩኒቨርሲቲ ሴሚናሮች ላይ ማን እንደሚጠይቅ ቆጥሮ ነበር። አንድ ጥያቄ ከሴት ይልቅ ከወንድ የመምጣት ዕድሉ ሁለት ተኩል ጊዜ ያህል ይበልጣል። አዳራሹ ውስጥ እኩል ሴቶች በተቀመጡበትም ልዩነቱ ነበር። የሚገርመው ግን ሌላው ግኝት ነው፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ ወንድ በጠየቀበት ስብሰባ ከዚያ በኋላ የሚጠይቁት ሴቶች ቁጥር ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። አንዲት እጅ ስትነሣ ሌላው እጅ ይከተላል ማለት ነው።

እኛ ይህን ካነበብን ወዲህ አንድ ልማድ ይዘናል። የእኛ እህት በምታቀርብበት አዳራሽ ከቻልን ሌላዋ ትገኛለች፤ የመድረክ መሪው “ጥያቄ” ሲል ቀድማ እጇን ታነሣለች። ተመካክሮ የተዘጋጀ ጥያቄ እንዳይመስላችሁ፤ እንዲያ ያለውን አዳራሹ ያውቀዋል፣ ለአቅራቢዋም አይጠቅማትም። በእውነት ማወቅ የምንፈልገውን ነው የምንጠይቀው። የማናውቃት ሴት ስታቀርብም እንዲሁ እናደርጋለን።

መልስ የምትሰጠው ደግሞ የማታውቀውን ስትጠየቅ “ይህን ጥናታችን አልተመለከተውም” ማለት ይበቃታል። ያልሠራችውን ሠራሁ ከማለት ያድናል። “ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው” ብለው የሚነሡ አንጋፋ ሰዎችም አሉ፤ አምስቱ ደቂቃ በእነሱ ሊያልቅ ይችላል። ማክበር ተገቢ ነው፤ እስክሪብቶ ይዛችሁ ጻፉ፣ “አመሰግናለሁ፣ ከስብሰባው በኋላ በሰፊው ልጠይቅዎት እፈልጋለሁ” በሉና ወደሚቀጥለው እጅ ተመልከቱ። አንዳንድ ሰው ደግሞ አማካሪዋ ወዳሉበት ዞሮ ይጠይቃል፤ እሷ ቆማ እያለች። ያን ጊዜ ሳትቆጡ፣ ሳትጠብቁም፣ መመለስ ጀምሩ። ጥናቱን የምታውቀው ማን እንደሆነች አዳራሹ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይረዳል።

ገንዘብና ልጅ ቀሩን። ብዙ ጉባኤዎች ከዝቅተኛ ገቢ አገሮች ለሚመጡ ተሳታፊዎች የምዝገባ ክፍያ ይቀንሳሉ፣ አንዳንዶቹም የጉዞ ድጋፍ አላቸው። ማመልከቻው ግን ብዙ ጊዜ ከአብስትራክቱ ጋር አብሮ ስለሚዘጋ፣ ተቀባይነት ካገኛችሁ በኋላ መጠየቅ ይዘገያል። ሳታመለክቱ “የተከበሩ ፕሮፌሰር” ብሎ በኢሜይል የሚጋብዛችሁና ክፍያ ቶሎ ላኪ የሚላችሁ ጉባኤ ሲመጣ ቆም በሉ፤ ማን እንዳዘጋጀው፣ ባለፈው ዓመት ማን እንደተገኘበት ሳታጣሩ አንድ ብር አትላኩ። ለፖስተር ማሳተሚያና ለትራንስፖርት ማኅበራችን ከመዋጮው የሚያበድረውን የምትወስዱ እህቶች ደረሰኝ ያዙ፤ መሥሪያ ቤታችሁ ሲተካላችሁ ለሣጥኑ ትመልሳላችሁ፣ ለሚቀጥለዋ ይሆናል። ፖስተሩ በጨርቅ ላይ ከታተመ ታጥፎ በሻንጣ ይገባል፤ ወረቀት ከሆነ ግን ቱቦ ይፈልጋል፣ ሚኒባስ ውስጥም ጭን ላይ ነው የሚያዘው። ፕላስተርና መቀስ ከቤት ያዙ።

ጡት የምታጠባ እህት ደግሞ አዘጋጆቹን አስቀድማ ትጻፍላቸው፤ ሰዓቷን ያመቻቹላት፣ የምትቀመጥበት ክፍል ያሳዩዋት። የፖስተር ሰዓት አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ሙሉ መቆም ነው። ባለፈው ጊዜ ከእናቶቻችን አንዷ አብረው ሄደው ሕፃኑን ከአዳራሹ ውጭ ዛፍ ሥር ይዘውላት ነበር። በየአርባ ደቂቃው እየወጣች አጠባች፤ ተመልሳ ቆመች። ያ ሥራ በፖስተሩ የምስጋና መስመር ላይ አልተጻፈም፤ በሚቀጥለው ግን ይጻፋል። እንግዲህ “እኛን ምን አገባን?” ላላችሁት መልሳችን ይኸው ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ጉባኤው ሲያልቅ ፖስተሩ አልጋ ሥር አይግባ። መረጃው የተወሰደበት ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት ወይም የገበሬ ማሠልጠኛ ግድግዳ አለው። ዋናውን ነገር በአካባቢው ቋንቋ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አብራችሁ ስቀሉት። ቤታቸውን ከፍተው፣ ሥራ ፈትተው፣ ስለ ልጃቸውና ስለ ጓዳቸው ለጠየቅናቸው ሁሉ የመለሱልን ሴቶች “ያ ሁሉ ጥያቄ የት ደረሰ?” ቢሉ የሚያዩት ነገር ይኖራቸዋል። የቦሎቄዋ እህታችን እንዲህ ስታደርግ አንዲት ገበሬ ፖስተሩ ላይ ያለውን አስነብባ ሰምታ፣ “ትክክል ነው፣ ግን ጨው መጀመሪያ ሲጨመርበት ይብሳል፤ ይህን አልጻፍሽም” አለቻት። የሚቀጥለው ጥናት መጠይቅ ላይ ገብቷል።

የሚቀጥለው ልምምድ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ በእኛው አቆጣጠር። በዚህ ወር የሚያቀርቡት እህቶች ፖስተራቸውን በኤ4 አትመው ይምጡ። ሌሎቻችን መነጽራችንን አንርሳ።